ያላወቀ ሰው ተበድሏልን? ስለ ሎተሪ ዕጣና ስለ ዓይን አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ የመጣው ከአንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷም የሎተሪ ቲኬት ናት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት ከመካከላችን አንዱን ጠሩት። በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ሎተሪ ፈትተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህችን እይልኝ፤ ዓይኔ ደክሞ ቁጥሩ አይታየኝም» አሉት። ወንድማችን ወደ መዝሙር ጥናት ይቸኩል ነበር። የወጡት ቁጥሮች ዝርዝር በእጁ አልነበረም፤ ከአዟሪም አልጠየቀም። ቲኬቷን ገልበጥ አድርጎ አየና «አልወጣልዎትም፣ እማማ» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም «ተመስገን» ብለው ቀድደው ጣሏት።

ይህን የነገረን ራሱ ነው። ማንም አላየበትም፤ ማንም አልከሰሰውም። በሳምንቱ በውይይት ሰዓታችን ተነሥቶ፣ «ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ሳላስተያይ አልወጣም አልኋቸው። ወጥቶ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ከእንግዲህም ማወቅ አልችልም» አለን። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ወጥቶ ቢሆን እንኳ እናታችን አላወቁም፤ ያላወቁት ነገር አይቆጫቸውም፤ ስለዚህ በደል የለም፤ ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለምን?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «በደል ከሌለ ወንድማችን ስለ ምን እንቅልፍ አጣ?» ብለን ጠየቅን። ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ አብረን እያሰብን የደረስንበት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ሎተሪ መቁረጥ ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እርሱን መምህራኖቻችንን እንጠይቃለን። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቲኬቱ ከተቆረጠና ዕጣው ከወጣ በኋላ፣ ለሌላው ሰው ቁጥሩን የሚያይለት ሰው ምን ዕዳ አለበት? የሚለው ነው።

ብሔራዊ ሎተሪ በአገራችን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሎተሪ አዟሪ የማይታይበት መንገድ ጥቂት ነው። በእኛም በጉለሌ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ድረስ የማናየው ቀን የለም። ገዢዎቹም ባለጸጎች አይደሉም። ሸማኔው ከሸማው ዋጋ ቀንሶ ይቆርጣል፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት ከዕለት ጉርሷ ከፍላ ትቆርጣለች። ዕጣው ሲወጣ በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ይህም የሆነው ማንም ሰው ተንኰል ተሠራ ብሎ እንዳይጠራጠር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ግን በሕዝብ ፊት አይደለም። አንዲት እናት ቲኬቷን ይዛ ወደ አንድ አዟሪ ወይም ወደ አንድ ተማሪ ቀርባ «እይልኝ» ስትል፣ በዚያ ቦታ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ አያይም። ቲኬቱ ደግሞ ስም የለበትም። በእጁ የያዘው ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል።

ተንኰለኛ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ይኸው ነው። መንገዱም ብዙ አይደለም። አንደኛው «አልወጣም» ብሎ ወረቀቱን ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ትልቁን ዕጣ ትንሽ ነው ብሎ በጥቂት ብር ወይም በሌላ ቲኬት መለወጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የራስ ስም እንዳይታወቅ ገንዘቡን በዘመድ ወይም በወዳጅ ስም ማውጣት ነው።

ይህ ነገር ማንበብ ያልቻሉ ሰዎች ባሉበት አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። ቲኬት የሚመረምር መሣሪያ በየሱቁ ባለበት በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ቲኬታቸውን ለማስመርመር ወደ ሱቅ ሄዱ። ቲኬቱ 250,000 የካናዳ ዶላር የወጣለት ነበር፤ ገንዘቡን የወሰደችው ግን የሱቁ ባለቤት ሆነች። አዛውንቱ ዘወትር የሚቆርጡትን ቁጥር ያውቁ ስለ ነበር «ዕጣው የእኔ ነው» ብለው አቤት አሉ። የሎተሪው ድርጅት ግን ለዓመታት ተሟገታቸው፤ በመጨረሻም በ2005 እ.ኤ.አ. 200,000 ዶላር ከፍሎ፣ ነገሩን ለሰው እንዳይናገሩ አስፈርሞ ታረቃቸው። ምስጢሩ አደባባይ የወጣው በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ሲቢሲ የተባለው የአገሩ ቴሌቪዥን ታሪኩን ባሳየ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስታትስቲክስ ምሁር ጄፍሪ ሮዘንታል ሒሳቡን ሠሩት። በ7 ዓመት ውስጥ ከፍ ያለ ዕጣ የወሰዱት ሎተሪ ሻጮች 200 ያህል ሆነው ተገኙ፤ ነገሩ የዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ መሆን የሚገባቸው ግን 57 ያህል ነበር። ዕድል ሻጭን ከገዢ ለይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ትርፉ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ ታወቀ። በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. የክፍለ ሀገሩ የሕዝብ እንባ ጠባቂ አንድሬ ማሪን ባወጡት ሪፖርት፣ ድርጅቱ የገዢውን መብት ችላ ብሎ ለሻጮች በሚገባ ሳይመረምር ይከፍል እንደ ነበር ገልጠው ብርቱ ወቀሳ አቀረቡ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ይልቅ ለጥያቄያችን ይቀርባል። በዚያው ክፍለ ሀገር በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ዕጣ 12.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የደረሰው ቲኬት የ7 የግንባታ ሠራተኞች ንብረት ነበር። ሰዎቹ ግን አላወቁም። አስቀድመው ባስመረመሩት ቲኬት ሌላ የነጻ ቲኬት ደርሷቸው ነበር፤ በሱቁ የነበሩት ሰዎች ያን ሳይሰጧቸው አስቀሩት፤ ያ የቀረው ወረቀት ትልቁን ዕጣ ይዞ ወጣ። ከዚያም የሻጩ ልጅ ገንዘቡን ወሰደች። ፖሊስ የቲኬቶቹን የግዢ መዝገብ እየተከተለ እውነተኞቹን ባለቤቶች ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ገንዘባቸው ከነወለዱ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተከፈላቸው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሻጩና በልጆቹ ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እነዚያ 7 ሠራተኞች ባለማወቅ በቆዩባቸው ዓመታት ሁሉ ተበድለው ነበርን? አላዘኑም፤ አላለቀሱም፤ ማለዳ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር። በደል ማለት ኀዘን ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልተበደሉም ልንል ነው። ይሁን እንጂ ፖሊስ በራቸውን ባንኳኳ ጊዜ መበደል የጀመሩት ያን ዕለት ነው የሚል ማን ነው? ማንም አይልም። የተበደሉት ወረቀቱ ከእጃቸው በቀረበት ሰዓት ነው፤ ያን ዕለት የሆነው የቆየውን በደል ማወቃቸው ብቻ ነው። ተኝቶ ሳለ ቤቱ የተሰረቀ ሰው ሌሊቱን በሰላም ስላንቀላፋ አልተሰረቀም አይባልም።

እንዲያውም አለማወቁ በደሉን ያከብደዋል እንላለን። በመንገድ ላይ የተቀማ ሰው «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጎረቤት ይደርስለታል፤ ወደ ዳኛም ይሄዳል። ሳያውቅ የተወሰደበት ሰው ግን ከገንዘቡ ጋር ጩኸቱም ተወስዶበታል። በምድር ላይ ስለ እርሱ የሚመሰክር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ የወሰደው ሰው ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ እንዲህ ያለውን ነገር ማሰባቸው ይመስለናል።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ይህ ገንዘብ ገዢውም ያልደከመበት ነው፤ የዕድል ነገር ነው፤ ያልደከሙበትን ገንዘብ ማን የእኔ ሊለው ይችላል?» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ገዢው አልደከመበትም። ነገር ግን ንብረት ሁሉ በድካም ብቻ አይገኝም። ስጦታ አለ፤ ውርስ አለ፤ የተገባ ቃልም አለ። ሎተሪው «ይህን ቁጥር ለገዛ እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ገዢውም በዚያ ቃል ገንዘቡን ከፍሏል። በመካከል የገባው ሰው የሚሰርቀው ያን ቃል ነው። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ያደረገውን እናስታውስ (2ኛ ነገሥት ምዕ. 5)። ንዕማን ያቀረበውን ስጦታ ነቢዩ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ግያዝ ግን ተከትሎ ሄዶ በጌታው ስም ዋሽቶ ተቀበለ። ሰጪው በፈቃዱ የሰጠው ስለ ሆነ፣ ነቢዩም አልፈልግም ስላለ፣ ማን ተጎዳ? ይባል ነበር። ኃጢአቱ ግን በሰጪና በተቀባይ መካከል ቆሞ ሐሰት መናገሩ ነበርና ለምጹ በእርሱ ላይ ተጣበቀ።

ሦስተኛው ክርክር፣ አዟሪው ድሀ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ስንናገር ልንጠነቀቅ ይገባናል። ሎተሪ ከሚያዞሩት መካከል አካል ጉዳተኞች አሉ፤ ከገጠር መጥተው ቤተ ሰብ የሚረዱ ልጆች አሉ። ቁጥር ፍቆና ቀጥሎ አዟሪውን የሚያታልል ገዢም አለ፤ ያን ጊዜ የሚከስረው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የዞረው ድሀ ነው። ስለዚህ የሎተሪ ሻጭ ሁሉ አታላይ ነው ማለት ራሱ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ድህነት የሌላውን ድሀ ገንዘብ ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። በመቀነት የተቋጠረው ሎተሪም የድሀ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፤ «እይልኝ» የሚል ሰው ወረቀት ብቻ አይሰጠንም። ለጥቂት ጊዜ ዓይናችንን የራሱ ዓይን ያደርገዋል። ይህ የዓይን አደራ ነው። ኪስ አውላቂ ገንዘብ ይወስዳል፤ የዓይን አደራ የሚበላ ግን ሰው በሰው ላይ የጣለውን እምነት ጭምር ይወስዳል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 አደራ የካደውም፣ ባልንጀራውን የቀማውም፣ የወደቀ ዕቃ አግኝቶ የሸሸገውም በአንድነት ተቆጥረው በእግዚአብሔር ላይ እንደ በደሉ ተነግሯል፤ የወሰዱትን ሁሉ አምስተኛ እጅ ጨምረው እንዲመልሱም ታዝዟል። የአገራችንም ሕግ ይህን አልዘነጋውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እምነት ማጉደልን በአንቀጽ 675፣ አታላይነትን በአንቀጽ 692 ከስርቆት ለይቶ ወንጀል አድርጎታል።

ወንድማችን እንግዲህ ምን አጠፋ? አልሰረቀም፤ አምስት ሳንቲም አልወሰደም። ሳያይ ግን «አየሁ» አለ። የተዋሰችውን ዓይን ጨፍኖ መለሰላት። ይህ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጻፍነውም ጊዜ ባፈርን ነበር፤ ነገር ግን እየተጠያየቅን ስንሄድ ከእኛ ከሚጽፉት ውስጥ የሐኪም ወረቀት ሳያነብቡ «ደኅና ነው» ያሉ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ገረፍ አድርገው አይተው «እርስዎን አይመለከትም» ያሉ ተገኝተናል። ፊደል የቆጠርን ሁሉ በዚያ ሱቅ መስኮት ውስጥ ቆመናል።

አሁን «መጠንቀቅ ሰውን መጠርጠር አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት እንመልከት። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥረውም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ፣ በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳይገኝ ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ (2ኛ ቆሮንቶስ ምዕ. 8)። ይህ ማንንም መስደብ አይደለም። ታማኙ ሰው ታማኝነቱ እንዲታይለት፣ ደካማውም ከፈተና እንዲጠበቅ ነው። በኦንታሪዮም ከዚያ ወዲህ ይህ ተደረገ፤ ገዢው ቲኬቱ ከመመርመሩ በፊት በላዩ እንዲፈርም ተደነገገ፤ መሣሪያው የሚያነበው ለገዢውም በሚታይ መስኮት እንዲወጣ፣ ዕጣ ሲገኝም ድምፅ እንዲያሰማ ሆነ፤ ሻጭ ወይም የሻጭ ዘመድ ትልቅ ዕጣ ሲጠይቅ ከመከፈሉ በፊት ተለይቶ ይመረመር ጀመር።

ምርመራውም በፍትሕ መሆን ይገባዋል። ሻጭም እንደ ሰው ሁሉ በገንዘቡ ሎተሪ ቆርጦ ዕጣ ሊወጣለት ይችላል። 200 እና 57 የሚሉት ቁጥሮች የት እንደምንጠይቅ ያሳዩናል እንጂ በማን ላይ እንደምንፈርድ አይነግሩንም። ፍርድ የሚመጣው በጥያቄ ነው፤ የት ገዛኸው? መቼ? ከማን ጋር? ከእርሱ ጋር ምን ሌላ ቁጥር ቆረጥህ? እውነተኛው ባለቤት ይህን ያስታውሳል፤ የሰረቀው ግን ይደናገራል። ነቢዩ ዳንኤል በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ «ከየትኛው ዛፍ በታች?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ሐሰታቸው ተገለጠ። ያ ምርመራ በደለኞችን ከማጋለጡም በላይ ንጽሕቲቱን ከሞት አዳነ።

ዛሬ ደግሞ አድማስ እንደሚባለው በስልክ መልእክት የሚቆረጥ ሎተሪ መጥቷል። ቁጥሩ ከገዢው ስልክ ጋር ስለሚያያዝ ስም ከሌለው ወረቀት ይሻላል። ይሁን እንጂ «ሎተሪ ደርሶዎታል፤ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር ይላኩ» እያሉ በስልክ የሚያታልሉ ሰዎች ተነሥተዋል፤ ማንበብ የማይችሉ እናትም አሁን ወረቀቱን ትተው ስልኩን ይሰጡናል እንጂ «ልጄ፣ እይልኝ» ማለታቸው አልቀረም። መሣሪያው ቢለወጥም አደራው ያው ነው።

ወንድማችን በሚቀጥለው እሑድ ወደ እኒያ እናት ሄዶ ያደረገውን ሁሉ ነገራቸው። እርሳቸውም ሣቁ። «አይ ልጄ፣ ለእኔ ድሮስ መቼ ይወጣልኝና! እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ይልቅ በርትተህ ተማር» አሉት። እኛም ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እናታችን ሌላ ሎተሪ ከመቀነታቸው ፈቱ፤ ወንድማችን በአጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ አልፈው ሄደው ከእኅቶቻችን ለአንዷ ሰጧት። ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ምናልባትም አላሰቡትም ይሆናል። እርሱ ግን አየ፤ እኛም አየን። «ያላወቀ ሰው ምን ተጎዳ?» ብለን ስንከራከር የነበርነው ያን ጊዜ ዝም አልን።

የወሰዱትን ገንዘብ መመለስ ይቻላል። የሚመለስለት ሰው ሲጠፋ እንኳ ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ለእግዚአብሔር እንዲሰጥ ያዝዛል። ወንድማችን ግን ምን ይመልስ? ወረቀቷ ተቀድዳለች፤ የጠፋ ነገር ይኑር አይኑር አይታወቅም። የንስሐ አባቱን ጠይቆ የተሰጠውን ቀኖና እየፈጸመ ነው፤ ዝርዝሩ የእርሱና የአባቱ ነው። እኛ ግን በአንድነት የሚከተለውን ወስነናል።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሰው «እይልኝ» ሲለን ዝርዝሩን ሳንይዝ አልወጣም አንልም፤ ጊዜ ከሌለን «አሁን አልችልም» እንላለን። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እያነበብን፣ ሁለት ሆነን እናያለን። ሦስተኛ፣ ወጣም አልወጣም ቲኬቱን በባለቤቱ እጅ እንመልሳለን፤ እኛ ዘንድ አናስቀርም፤ ሳይረጋገጥም እንዲቀደድ አንፈቅድም። አራተኛ፣ ለሚፈልጉ እናቶችና አባቶች ሎተሪውን በገዙ ዕለት ቁጥሩን ገልብጠን እንሰጣቸዋለን፤ ነገ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናቸዋል። አምስተኛ፣ ይህን ለሎተሪ ብቻ ሳይሆን ለሐኪም ወረቀት፣ ለደብዳቤና ለስልክ መልእክት ሁሉ እናደርገዋለን።

ከዚህ በላይ የሚሻለው ግን ሌላ መሆኑን አልሳትንም፤ ይኸውም እማማ ራሳቸው ቁጥሩን እንዲያነብቡ ማድረግ ነው። መነጽር የሚያስፈልጋቸውን መነጽር እንዲያገኙ ለመርዳት መዋጮ ጀምረናል፤ ፊደል ለሚሹም ከቅዳሴ በኋላ ለግማሽ ሰዓት የምናስተምር 4 አባላት ተመድበዋል። ከወንድማችን ጋር ጠብ የለንም፤ ከ4ቱ አንዱ እርሱ ነው።

የሰውን አደራ እንድንጠብቅ፣ ያላየነውን አየን ከማለትም እንድንድን እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።